ሕጉ ፉሪ ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጅበታል?

ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ የባቡር ሐዲድ ከሰበታ ይነሣና ፉሪ-ለቡ የሚባለውን ጣቢያ አልፎ ወደ ምሥራቅ ይዘልቃል። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ታሪካችንም በፉሪ ዙሪያ ሲመላለስ ኖሯል። በአንድ ወገን ሰበታ አለ፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተከፈተው መርሃ ዕውራን ያለበት ከተማ ነው። በሌላው ወገን መካኒሳ አለ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ከአሜሪካ የመጡ የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሚስዮናውያን መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት የከፈቱበት ሠፈር ነው። ከፉሪ ሁለቱም ጋ በታክሲ ይደረሳል። ፉሪ ግን መሀል ላይ ሆኖ አላፊውን ሲሸኝ ኖረ። ማየት ለተሳናት የፉሪ ልጅ፣ ለረጅም ዘመን፣ «ትምህርት ገባች» ማለት «ከፉሪ ወጣች» ማለት ነበር።

ዛሬ ወረቀቱ ሌላ ነገር ይላል። ልጅቷ ታላቅ ወንድሟ በሚማርበት፣ የጎረቤቷ ልጆች በሚሮጡበት በዚያው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትማር ይላል። «አካቶ ትምህርት» የሚባለው ይህ ነው። ጥያቄያችን ቀላል ነው። ይህ ቃል ከየት ተነሥቶ፣ በየት በኩል ዞሮ፣ አሁን የት ደርሷል? ፉሪስ የሚደርሰው መቼ ነው?

ከቃል ትምህርት እስከ አዳሪ ቤት

ነገሩን ከሩቅ እንጀምረው። አገራችን ውስጥ ማየት የተሳናቸው ሰዎች መማር የጀመሩት ፈረንጅ መጥቶ ትምህርት ቤት ሲከፍትላቸው አይደለም። የአብነት ትምህርት በአብዛኛው የቃል ትምህርት ነው። ዜማውም ቅኔውም ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ ይሄዳል። ስለዚህ ዐይነ ሥውሩ ተማሪ ከዐይናማው ጎን ቁጭ ብሎ፣ ዜማውን አጥንቶ፣ ቅኔውን ተቀኝቶ፣ መሪጌታ ሆኖ ሌሎችን የሚያስተምርበት ዕድል ነበረው። «አካቶ» ብሎ ስም ያወጣለት ግን አልነበረም።

ይህን የምንለው የአብነት ትምህርት ቤቱን ገነት ለማስመሰል አይደለም። ትምህርቱ በጆሮ የሚገባ ስለነበረ መስማት የተሳነው ልጅ እዚያ ቦታ አልነበረውም። የሴት ልጅ ቦታም ቢሆን ጠባብ ነበር። ግን አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል። ልጅን ከትምህርት የሚያስቀረው ጉዳቱ ብቻ ሳይሆን የማስተማሪያው መንገድ ነው። ትምህርቱ በቃል ሲሆን ዐይነ ሥውሩ ገባ፤ በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ ሲሆን ያው ሰው ወጣ። በዐይኑ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው ትምህርት ቤቱ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት የወጡትን ለመመለስ የመረጠው መንገድ ለየብቻ ቤት መሥራት ነው። ብዙዎቹ የታሪክ ጽሑፎች መነሻውን 1917 ዓ.ም. ገደማ ላይ ያደርጉታል፤ በምዕራብ ወለጋ ደምቢ ዶሎ የአሜሪካ ሚስዮናውያን ማየት ለተሳናቸው ልጆች የጀመሩት ትምህርት ነው። ከዚያ በኋላ የሰበታው መጣ፤ የመካኒሳው መጣ፤ በደርግ ዘመንም እንደ ሻሸመኔና ሆሳዕና ያሉ ቦታዎች ተጨመሩ። አብዛኞቹን የከፈተው የውጭ ሚስዮን ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። መንግሥት በ1963 ዓ.ም. አካል ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ድርጅት በንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ሲያቆም እንኳ ዋናው ሐሳብ መተዳደሪያ የሌለውን ሰው መርዳት ነበር። ልጅ እንደ ልጅ የመማር መብት አላት የሚለው ሐሳብ ገና አልመጣም ነበር።

እነዚህን ቤቶች ማቃለል ግን ነውር ነው። ጠበቃ፣ መምህርና ሙዚቀኛ ያፈሩ ቤቶች ናቸው። የትነበርሽ ንጉሤን አስቡ። ወሎ፣ አማራ ሳይንት ተወለደች። በአምስት ዓመቷ የዐይኗን ብርሃን አጣች። ያስተማራት በሻሸመኔ የሚገኘው የካቶሊክ የዐይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ነው። ቀጥላ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከዐይናማ ተማሪዎች ጋር ተማረች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሕግ አጠናች። የአካል ጉዳተኞችና የልማት ማዕከል የሆነውን የኢትዮጵያ ድርጅት ከመሠረቱት አንዷ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2017 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለች። ልዩ ትምህርት ቤቱ ባይኖር ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ግን ካርታ ዘርጉና ከአማራ ሳይንት እስከ ሻሸመኔ ያለውን ርቀት እዩት። ሕፃን ልጅ ፊደል ለመቁጠር የአገሪቱን ግማሽ ማቋረጥ ነበረባት። እሷ ደረሰች። ያልደረሱትን ማን ይቁጠራቸው? የልዩ ትምህርት ቤቱ ሒሳብ ይኼ ነው፤ ለገባው ብዙ ይሰጣል፣ የሚገባው ግን ጥቂት ነው።

ወረቀቱ ሲበዛ

ከዚያ 1986 ዓ.ም. መጣ። ያ ዓመት ለዚህ ጉዳይ የተለየ ዓመት ነው። የሽግግር መንግሥቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አወጣ። ፖሊሲው አካል ጉዳት ያለባቸውም ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውም ልጆች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማድረግን ከዓላማዎቹ አንዱ አደረገ። በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ ስፔን፣ ሳላማንካ ላይ የ92 መንግሥታትና የ25 ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተወካዮች ተሰብስበው መደበኛ ትምህርት ቤት ለሁሉም ልጅ በሩን ይክፈት አሉ። በዓመቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ። አንቀጽ 41 የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን የመርዳት ግዴታ በመንግሥት ላይ ጣለ፤ ነገር ግን የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አለ። ይህችን «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋን ሐረግ ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ በዛ። በ1998 ዓ.ም. የመጀመሪያው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጣ። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 አካል ጉዳት ያለበት ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከነፃና ግዴታ ከሆነው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት መገለል የለበትም ይላል። ሕገ መንግሥታችን ደግሞ በአንቀጽ 9 አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ስለዚህ ከ2002 ጀምሮ አካቶ ትምህርት የለጋሾች ምክር ብቻ መሆኑ ቀርቶ የአገር ሕግ ሆኗል ማለት ነው። በ2004 ስትራቴጂው ተከለሰ። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2025 የሚዘልቅ የአሥር ዓመት ማስተር ፕላንም ተዘጋጀ። በ2015 አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። በ2017 የአጠቃላይ ትምህርት አዋጅ ጸደቀ።

በወረቀት ብዛት ማንም አያማንም። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

በእኛ እምነት ችግሩ የወረቀቱ ዓይነት ነው። ፖሊሲና ስትራቴጂ ምን ቢደረግ መልካም እንደሆነ ይናገራሉ። ሕግ ደግሞ ማን ምን የማድረግ ግዴታ እንዳለበት፣ ባያደርግ ማን እንደሚጠይቀው ይናገራል። ለብዙ ዓመታት ልዩ ፍላጎትን የተሸከሙት በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ልጇን ይዛ ለምዝገባ የመጣች እናት «ይህን ልጅ አንችልም፤ ልዩ ትምህርት ቤት ውሰጂው» ብትባል፣ ርእሰ መምህሩ ጥሷል ብላ የምታሳየው ቁጥር ያለው አንቀጽ በእጇ አልነበረም። ስምምነቱ አለ፤ ግን ከኒውዮርክ እስከ ምዝገባው መስኮት ድረስ መሀል ላይ መመሪያ የለም፣ በጀት የለም፣ የቅሬታ ሰሚ ወንበር የለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን መሀል እንዴት እንደሞሉት ማየት ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ ለውጡን የጀመሩት ወላጆች ናቸው። የፔንስልቫኒያ ግዛት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሲመልስ የወላጆች ማኅበር ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ጉዳዩ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ለወላጆቹ ተፈጸመ። በሦስት ዓመቱ፣ በ1975፣ የፌዴራሉ ሕግ ወጣ። ሕጉ ለእያንዳንዱ ልጅ የተጻፈ የግል የትምህርት ዕቅድ ይዘጋጅ አለ፤ ወላጅ በዕቅዱ ካልተስማማ አቤት የሚልበትን መንገድ አበጀ። ጣሊያን ደግሞ በ1977 ባወጣችው ሕግ ልዩ ክፍሎችን ዘግታ ልጆቹን ወደ መደበኛው ክፍል አስገባች፤ ደጋፊ መምህርም አብሮ እንዲገባ አደረገች። የሁለቱም አገር መንገድ እንከን አልጠፋበትም። ነገር ግን በሁለቱም ቦታ ሕጉ የተጠያቂውን ስም ጠርቷል።

ያልተቆጠሩት

ስለ ሕግ ስናወራ የሚረሱ ልጆች አሉ። በታሪካችን «ልዩ ትምህርት» ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ማየት ወይም መስማት የተሳነው ልጅ ነው። ሚስዮኑም ንጉሡም የሠሩት ለእነሱ ነው። ኦቲዝም ያለበት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት፣ ፊደል እየተገለባበጠበት የሚቸገር ልጅስ? እሱ ስም እንኳ አልነበረውም። «ባለጌ»፣ «ደደብ»፣ ሲብስም «የተረገመ» ይባላል።

ለዚህ ታሪክ ወይዘሮ ዘሚ የኑስን መጥቀስ ግድ ነው። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ይዘው ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ተንከራተቱ፤ ልጁን የሚያቆይ አጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ፣ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል በሬዲዮውም በቴሌቪዥኑም እየደጋገሙ የአገሪቱ ቃል አደረጉት። እናደንቃቸዋለን። ግን አድናቆታችን አንድ ጥያቄ እንዳይሸፍንብን። አንዲት እናት ልጇ እንዲማር ራሷ ማዕከል መክፈት ካለባት፣ መክፈት የማትችለዋ እናት ምን ታድርግ? በ1986ቱ ፖሊሲና በማዕከሉ መከፈት መካከል ስምንት ዓመት ገደማ አለ። ፖሊሲው በነበረበት ዘመን ነው ልጁ ከበር የተመለሰው።

ሌላው የመረሳት መንገድ ቆጠራ ነው። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳት ያለባቸውን ኢትዮጵያውያን ከ800 ሺህ በጥቂት የሚበልጡ አድርጎ መዘገበ፤ ከሕዝቡ ከመቶ 1.09 ያህል መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ግን ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 15 ያህሉ ከአካል ጉዳት ጋር ይኖራል። እኛ ከዓለም አሥራ አራት እጥፍ ጤነኞች ሆነን ነው? አይመስለንም። ቆጣሪው ደጅ ሲደርስ ጓዳ ውስጥ የነበረች ልጅ አለች። ያልተቆጠረ ልጅ ወንበር አይመደብለትም፤ ብሬል መጽሐፍ አይታተምለትም፤ መምህር አይሠለጥንለትም።

ተቃዋሚዎቹም እውነት አላቸው

«ሁሉም ልጅ ወደ ሠፈሩ ትምህርት ቤት» ሲባል የሚቆጡ ሰዎች አሉ። የሁሉንም ቁጣ በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ ልክ አይሆንም።

መጀመሪያ መምህራኑ። ክፍሉ ሞልቶ ተማሪ በተጣበበበት፣ የመማሪያ መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት በሚታይበት ቦታ፣ «አካቱ» የሚል ደብዳቤ ብቻ መላክ ግፍ ነው። ሰበታ ላይ የልዩ ፍላጎት መምህራን ማሠልጠኛ አለ፤ ፊንላንድ ለዚህ ዘርፍ ለአሥርት ዓመታት ድጋፍ ሰጥታለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እንደ ፕሮፌሰር ጥሩሰው ተፈራ ያሉ ሰዎች ያጠናከሩት የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል አለው። ግን የተመረቀው መምህር ሁሉም የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ አልደረሰም። የአንደኛ ክፍል መምህርት «ፍላጎቱ አለኝ፤ ምልክት ቋንቋ ግን አልችልም» ስትል የሐቀኛ ሰው መልስ ነው የሰጠችን።

ሁለተኛ መስማት የተሳናቸው ራሳቸው። ምልክት ቋንቋ የሚለመደው ከሚያወሩት ሰዎች መሀል ነው። ምልክት የሚያውቅ ሰው በሌለበት ክፍል ብቻዋን የተቀመጠች ልጅ ስሟ መዝገብ ላይ አለ፤ እሷ ግን ትምህርቱ ውስጥ የለችም። የሳላማንካው ሰነድ ራሱ ይህን ተገንዝቦ መስማት ለተሳናቸው ልዩ ትምህርት ቤት ወይም ልዩ ክፍል የተሻለ ሊሆን እንደሚችል አልደበቀም። ስለዚህ መካኒሳን ዘግቶ ልጆቹን መበተን አካቶ አይደለም። እንደ መካኒሳና እንደ ሰበታ ያሉት ቤቶች እውቀታቸውን ለሠፈር ትምህርት ቤቶች የሚያካፍሉ የድጋፍ ማዕከላት ቢሆኑ ይሻላል። ስትራቴጂዎቹ የሚሉትም ይህንኑ ነው፤ የድጋፍ መስጫ ማዕከል ይኑር፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚዞር መምህር ይኑር።

መስመሩ ላይ ያለ ሠፈር

አሁን ወደ ፉሪ እንመለስ። ፉሪ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከእርሻ ማሳ ወደ ከተማ የተለወጠ ዳርቻ ነው። ቁልቁለቱና ዳገቱ ብዙ ነው። ክረምት ሲገባ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ጭቃ ነው፤ በእግሩ ለሚሄድ እንኳ ይፈትናል፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ አይታሰብም። ትምህርት ቤት ማለት ደግሞ ግቢውና ክፍሉ ብቻ አይደለም፤ ከቤት እስከ በሩ ያለው መንገድም ትምህርት ቤት ነው።

ፉሪ መስመር ላይም ነው። አንዱ ወገን ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አዲስ አበባ ነው። በሌላው ወገን፣ ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ፣ ፉሪ የአንድ ክፍለ ከተማ ስም ነው፤ ኦሮሚያ ነው። ሁለት የትምህርት ቢሮ፣ ሁለት በጀት ማለት ነው። ልጅ ግን የአስተዳደር ወሰን አታውቅም። ለአብዛኛው ተማሪ ይህ ብዙም ላይከብድ ይችላል። ምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር ከመስመሩ ወዲያ ላለው ትምህርት ቤት ሲመደብ፣ ልጅቷ ከመስመሩ ወዲህ ስትኖር ግን ትልቅ ነገር ነው። ሕጉ ፉሪ ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። «የእኛ ልጅ አይደለችም» የሚለው መልስ ይቻላል ወይስ አይቻልም?

ፉሪ ግን አንድ ጥሩ ዕድል አለው፤ አዲስ ነው። አሮጌ ሕንፃ አፍርሶ መወጣጫ ማበጀት ይከብዳል፤ አዲስ ሲሠሩ ማበጀት ቀላል ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ደረጃ መውጣት ለማይችሉና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው፣ መጸዳጃ ቤታቸውም እንዲመች ደንግጎ ነበር። ከዚያ ዓመት ወዲህ የተሠራ ትምህርት ቤት ሁሉ ይህን ማሟላት ነበረበት። እስቲ አንባቢያችን በሠፈራችሁ ያለውን ሂዱና እዩ። መጸዳጃ ቤቱን ማየት አትርሱ፤ ብዙ ሴት ልጆች ከትምህርት የሚቀሩት እዚያ ላይ ነው።

«አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋን ሐረግ ያዙልን ብለን ነበር። አቅም የለም የሚለው ክርክር ሁሌም ይመጣል፤ ሙሉ በሙሉ ውሸትም አይደለም። ነገር ግን በቅርብ ያየነው ነገር አለ። የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2012 የትምህርት ዘመን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባን በሰፊው ሲጀምር ከተማዋ በአንድ ሌሊት አልበለጸገችም። የተለወጠው ነገር፣ ምገባ ባለቤት አገኘ፤ ተቋም አገኘ፤ በጀቱ ውስጥ የራሱ መደብ አገኘ። ሳህኑ ባዶ የሆነ ቀን ማን እንደሚጠየቅ ታወቀ። ምገባ ከስትራቴጂ ወደ ምሳ የተለወጠው በዚህ መንገድ ነው። አካቶስ ለምን አይሆንም?

ስለዚህ የ2017ቱ አዋጅ ከጸደቀ በኋላ ያለው ጊዜ ወሳኝ ነው። አዋጅ ደንብና መመሪያ ይከተሉታል፤ ልጅቷን የሚያስገባት ወይም የሚያስቀራት መመሪያው ነው። እኛ ከመመሪያው የምንፈልገው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ማንም የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጅን በአካል ጉዳት ምክንያት ከምዝገባ መመለስ እንደማይችል በግልጽ ይጻፍ፤ ትምህርት ቤቱ የጎደለው ነገር ካለም ጎደሎውን ጽፎ ለወረዳው የማሳወቅ ግዴታ ይኑርበት። ሁለተኛ፣ ወረዳው በስንት ቀን እንደሚመልስ ቀኑ ይቆረጥ። ሦስተኛ፣ ለድጋፍ ማዕከልና ለተዘዋዋሪ መምህር የሚውል ገንዘብ በስሙ ይመደብ። አራተኛ፣ መልሱ እምቢታ ከሆነ ወላጅ የት አቤት እንደምትል በምዝገባው መስኮት ላይ ይለጠፍ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት አለው ይላል፤ ይህ መብት አድራሻ ካልተጻፈለት ለፉሪ እናት ምን ይፈይዳል?

ከደምቢ ዶሎ እስከ ዛሬ መቶ ዓመት አልፏል። በዚህ መቶ ዓመት ውስጥ ልጅቷ ወደ ትምህርት ቤቱ ስትሄድ ኖረች፤ ከወሎ ሻሸመኔ፣ ከፉሪ ሰበታ። አሁን ተራው የትምህርት ቤቱ ነው። በሚቀጥለው ምዝገባ ወቅት ታናሽ እኅት ወይም የጎረቤት ልጅ ለማስመዝገብ የምትሄዱ፣ እግረ መንገዳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፦ «ማየት የተሳናት ልጅ ዛሬ ብትመጣ ማን ይቀበላታል?» የሚሰጣችሁ መልስ የአንድ ሰው ስም ከሆነ ሕጉ እየመጣ ነው ማለት ነው። «ሰበታ ውሰዷት» ከሆነ ግን ገና መንገድ ላይ ነው።